«ያልታወጀው ጦርነት»፦ የእንግሊዝ ፊልም በገዛ አገሩ ለምን እንግዳ ሆነ?

ዴቪድ ፑትናም የሚለውን ስም ሰምቶ የማያውቅ ሰው እንኳ ከእሳቸው እጅ የወጣ ፊልም ሳያይ አልቀረም። «ቻርየትስ ኦቭ ፋየር»ን፣ «ዘ ኪሊንግ ፊልድስ»ን እና «ዘ ሚሽን»ን በፕሮዲዩሰርነት ለተመልካች ያበቁት እሳቸው ናቸው። ከማስታወቂያ ሥራ ተነሥተው ወደ ፊልም የገቡት እኒህ የለንደን ሰው በ1986 የሆሊዉዱ ኮሎምቢያ ፒክቸርስ የበላይ ኃላፊ እስከ መሆን ደርሰው ነበር። በ1997 ደግሞ በኒል ዋትሰን ረዳትነት «ያልታወጀው ጦርነት» የተሰኘውን መጽሐፍ አሳተሙ። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) መጽሐፉ የዓለም የፊልም ገበያ በማን እጅ እንደገባ፣ በምን መንገድ እንደገባና አውሮፓ፣ በተለይም እንግሊዝ፣ ከዚያ ገበያ ዳር እንዴት እንደተገፋች ይተርካል።

መጽሐፉን የገዛሁት ሰሜን ለንደን ካለ አንድ ያገለገሉ መጻሕፍት መሸጫ ሲሆን፣ የከፈልሁት 4 ፓውንድ ነው። ካነበብኋቸው የፊልም መጻሕፍት ውስጥ ደጋግሜ የተመለስሁበት ይህ ብቻ ነው። ስለ ዳይሬክተሮችና ስለ ተዋንያን የሚጽፉ ብዙዎች ናቸው፤ ገንዘቡ ከየት መጥቶ ወዴት እንደሚሄድ፣ ራሱ ገንዘብ ለምኖና ዕዳ ተሸክሞ ፊልም ያስጨረሰ ሰው በታሪክ አስደግፎ የጻፈው ግን እጅግ ጥቂት ነው። ፑትናም የሚሟገቱለት ሐሳብ በአጭሩ ሲቀመጥ ይህ ነው፦ ፊልም መሥራትና ፊልምን ለሕዝብ ማድረስ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው፤ አሜሪካኖች ከጥንት ጀምረው ሁለተኛውን ያዙ፣ እንግሊዞች ግን በመጀመሪያው ላይ ተጠምደው ቀሩ። ችግሩ የችሎታ ማነስ አልነበረም። ማከፋፈሉን የያዘ ሰው መሥራቱንም ያዝዛል፤ አንድ ፊልም መቼ፣ የት፣ በስንት አዳራሽና በምን ያህል ማስታወቂያ እንደሚወጣ የሚወስነው እርሱ ስለሆነ፣ ምን ዓይነት ፊልም ገንዘብ እንደሚያገኝም አስቀድሞ የሚወስነው እርሱ ነው።

ይህን ሐሳብ ለመቀበል እኔ ብዙ መከራከሪያ አላስፈለገኝም፤ በአንድ የለንደን ሲኒማ ቤት ትኬት በመቁረጥ ሁለት ዓመት ሠርቻለሁና። እንግሊዝ አገር አዳዲስ ፊልሞች የሚወጡት ዓርብ ዓርብ ነው። ሰኞ ጠዋት የቅዳሜና የእሑዱ ገቢ ይታይና የትኛው ፊልም እንደሚቆይ፣ የትኛው እንደሚነሣ ከላይ ይወሰናል። አንድ ዓርብ፣ በጥቂት ገንዘብ የተሠራ አንድ የእንግሊዝ ፊልም አስገባን። ዓርብ ማታ ሦስተኛው አዳራሽ ውስጥ 40 የሚሆኑ ሰዎች አዩት፤ ከመካከላቸው አንዲት አሮጊት ሲወጡ ቆም ብለው፣ እኅታቸውን ይዘው በሚቀጥለው ሳምንት እንደሚመለሱ ነገሩኝ። ሰኞ ዕለት ሥራ አስኪያጁ አዲሱን የሰዓት ዝርዝር በመርፌ ሲሰካ፣ ያ ፊልም ከሰዓት በኋላ በ8:15 አንድ ጊዜ ብቻ እንዲታይ ተደርጎ ነበር፤ በተከታዩ ዓርብ ደግሞ ከነአካቴው ተነሣ። አሮጊቷ ሐሙስ ማታ ከእኅታቸው ጋር መጡና እኔው መስኮቱ ላይ ቆሜ መለስኋቸው። ቦታውን የወሰደው አዳራሽ ሁለትንና አዳራሽ አራትን አስቀድሞ የያዘው የአሜሪካ ፊልም ነበር። ሥራ አስኪያጁ ክፉ ሰው አልነበረም፤ የትልቁን ፊልም አከፋፋይ ማስቀየም ግን አይችልም፤ የሚቀጥለውንም ትልቅ ፊልም የሚያመጣለት ያው ድርጅት ነውና።

የትኬቱም ገንዘብ መንገዱ ረጅም ነው። ተመልካቹ 12 ፓውንድ ቢከፍል፣ 2 ፓውንዱ የተጨማሪ እሴት ታክስ ነው። ከቀረው 10 ፓውንድ ሲኒማ ቤቱ ድርሻውን ያነሣል፤ ድርሻውም አብዛኛውን ጊዜ ከግማሽ ይበልጣል። ቀጥሎ አከፋፋዩ ኮሚሽኑን ይቆርጣል፤ ከዚያም በየአውቶቡሱና በየምድር ባቡር ጣቢያው ለተለጠፈው ማስታወቂያ ያወጣውን ይመልሳል። ከእርሱ በኋላ የሽያጭ ወኪሉና ገንዘብ ያዋጡት ባለሀብቶች ይሰለፋሉ። ፕሮዲዩሰሩ የቆመው በዚህ ሰልፍ መጨረሻ ላይ ነው። ብዙ ፊልሞች ሰው ሞልቶባቸው እንኳ ለሠሪያቸው ሳንቲም ሳይደርሳቸው የሚቀሩት ስለዚህ ነው። ፑትናም ቁጣቸው የሚገባኝም እዚህ ላይ ነው፤ አከፋፋዩ አሜሪካዊ ከሆነ፣ እንግሊዝ ውስጥ ከእንግሊዝ ተመልካች የተሰበሰበው ትርፍ የሚቀጥለውን ፊልም ለመሥራት የሚውለው ሎስ አንጀለስ ነው።

መጽሐፉ ከሁሉ በላይ ያስተማረኝ፣ ነገሩ ከመጀመሪያው እንዲህ እንዳልነበረ ነው። ከ1914 በፊት የዓለም ትልቁ የፊልም ድርጅት የፈረንሳዩ ፓቴ ነበር፤ የአሜሪካ ትናንሽ ሲኒማ ቤቶች ሳይቀሩ ያሳዩ የነበረው የእርሱን ፊልሞች ነው። እንግሊዞቹም ከቀዳሚዎቹ መካከል ነበሩ፤ በለንደን ሮበርት ፖል፣ በብራይተን አካባቢ ጆርጅ አልበርት ስሚዝና ጄምስ ዊልያምሰን የፊልምን ቋንቋ ገና ከጅምሩ ካበጁት ሰዎች ናቸው። የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ሲነሣ የአውሮፓ ሥራ ቆመ፤ አሜሪካኖች ሰፊውን የአገራቸውን ገበያ ይዘው ወጪያቸውን በዚያው እየመለሱ፣ ውጭ አገር በፈለጉት ዋጋ መሸጥ ቻሉ። በ1926 በእንግሊዝ ሲኒማ ቤቶች ከታዩት ፊልሞች እንግሊዛዊ የነበሩት ከመቶ 5 ያህሉ ብቻ ነበሩ።

የእንግሊዝ መንግሥት በ1927 ያወጣው ሕግ ሲኒማ ቤቶችም ሆኑ አከፋፋዮች የተወሰነ መጠን ያለው የአገር ውስጥ ፊልም እንዲይዙ ግዴታ ጣለባቸው። ሕጉ የቆጠረው ግን የፊልሙን ብዛት እንጂ ጥራቱን ወይም ማን እንደሚያከፋፍለው አልነበረም። ስለዚህ የአሜሪካ አከፋፋዮች ኮታውን ለመሙላት ሲሉ ብቻ፣ ለአንድ ጫማ ርዝመት አንድ ፓውንድ ያህል እየከፈሉ በችኮላ የሚሠሩ ፊልሞችን አዘዙ። አንዳንዶቹ ጠዋት፣ የጽዳት ሠራተኞች አዳራሹን በሚጠርጉበት ሰዓት ይታዩ እንደነበር ይነገራል። እርግጥ ነው፣ እንደ ማይክል ፓዌል ያሉ ታላላቅ ዳይሬክተሮች እጃቸውን ያፍታቱት በእነዚሁ ሥራዎች ላይ ነው፤ ይህን ጥቅም አልክድም። የእንግሊዝ ተመልካች ግን «የአገር ፊልም» ማለት «ርካሽ ፊልም» ማለት እንደሆነ የተማረው በዚያን ጊዜ ነው፤ ይህ ስም በአንድ ትውልድ ውስጥ አልጠፋም።

ከታሪኩ ሁሉ ልቤን የያዘው የጄ. አርተር ራንክ ነው። ራንክ የዱቄት ነጋዴ ቤተሰብ ልጅ፣ አጥባቂ ሜቶዲስት (የፕሮቴስታንት ወገን) ነበሩ፤ ወደ ፊልም የገቡትም ሃይማኖታዊ ፊልም ለማሠራት ብለው ነው። ፊልሞቻቸውን የሚያሳይላቸው ሲያጡ፣ ችግሩ ያለው መሸጫው ላይ እንደሆነ እንደ ማንኛውም ዱቄት ሻጭ ወዲያው ገባቸው፤ ከዚያ በኋላ አከፋፋይ ድርጅት ያዙ፣ ፓይንዉድ ስቱዲዮን በ1936 ከከፈቱት ሰዎች አንዱ ሆኑ፣ ኦዲዮንና ጎሞ የተባሉትን ሁለት ታላላቅ የሲኒማ ቤት ሰንሰለቶች በእጃቸው አስገቡ። በ1946 እንግሊዞች 1.6 ቢሊዮን ያህል ጊዜ ሲኒማ ገብተዋል፤ ይህ ማለት ሽማግሌውም ሕፃኑም ተቆጥሮ እያንዳንዱ ሰው በዓመት ከ30 ጊዜ በላይ ሄዷል ማለት ነው። እንግሊዝ ከሆሊዉድ ጋር ትከሻ ለትከሻ የመቆም ዕድል ያገኘችው ያኔ ነበር፤ ዕድሉን ያበላሸው ደግሞ የራሷ መንግሥት ነው። አገሪቱ ከጦርነቱ ወጥታ ዶላር አጥሯት ስለነበር፣ የገንዘብ ሚኒስትሩ ሂዩ ዳልተን በነሐሴ 1947 ከውጭ በሚገባ ፊልም ላይ 75 በመቶ ቀረጥ ጣሉ። የአሜሪካ ስቱዲዮዎች በአንድነት አዲስ ፊልም መላክ አቆሙ። ራንክ ባዶውን ቦታ ልሙላ ብለው ብዙ ገንዘብ አፍስሰው ብዙ ፊልም አስጀመሩ። በመጋቢት 1948 ግን መንግሥት ከአሜሪካኖች ጋር ተስማምቶ ቀረጡን አነሣና በወራት የተጠራቀመው የአሜሪካ ፊልም እንደ ጎርፍ ገባ፤ የራንክም ፊልሞች የወጡት በዚሁ ጎርፍ መካከል ነው። በ1949 የራንክ ድርጅት ለባንክ የነበረበት ዕዳ 16 ሚሊዮን ፓውንድ ደርሶ ነበር።

ይህን ሳነብ ያሳዘነኝ የውሳኔው መለዋወጥ ነው። ቀረጡ ሲጣልም ሆነ ሲነሣ የታሰበው ስለ ዶላር እንጂ ስለ ፊልም አልነበረም፤ ባለሙያውን አስቀድሞ ያማከረውም የለም። አንድ ሰው መንግሥት ያመጣውን ሁኔታ አምኖ ሀብቱን አውጥቶ፣ በሰባት ወር ያህል ውስጥ መሬቱ ከእግሩ ሥር ሲነጠቅ ማየት፣ ሙያው የትም ይሁን የት የሚያንገበግብ ነገር ነው።

ከዚያ በኋላ የመጣውን ድጎማ፣ በ1949 የተቋቋመውን የፊልም ብድር ድርጅትና በየትኬቱ ላይ የተጣለውን፣ በግምጃ ቤቱ ባለሥልጣን በዊልፍሬድ ኢዲ ስም የሚጠራውን መዋጮ፣ በዝርዝር መከተል ለማይሠራበት ሰው ይከብዳል። ዋናው ቁም ነገር፣ መዋጮው እንግሊዝ አገር ለተሠራ ፊልም ሁሉ ይሰጥ ስለነበር የአሜሪካ ስቱዲዮዎችም ለንደን መጥተው መካፈላቸው ነው። በ1960ዎቹ «የእንግሊዝ ፊልም» ሲባል ከነበረው አብዛኛው የተሠራው በአሜሪካ ገንዘብ ነበር፤ አሥርተ ዓመቱ ሲያልቅ ገንዘቡ ወደ መጣበት ተመለሰ፤ ስቱዲዮዎቹም ጭር አሉ። በ1984 እንግሊዞች ሲኒማ የገቡት 54 ሚሊዮን ያህል ጊዜ ብቻ ነበር።

የራሳቸው የፑትናም ታላቅ ድል እንኳ ከዚህ ደንብ አላመለጠም። በመጋቢት 1982 «ቻርየትስ ኦቭ ፋየር» በምርጥ ፊልምነት ጭምር አራት ኦስካር ሲያገኝ፣ የስክሪፕቱ ጸሐፊ ኮሊን ዌላንድ ሽልማታቸውን ከፍ አድርገው «እንግሊዞች እየመጡ ነው!» ብለው ነበር። ያንን ፊልም ለመቅረጽ የዋለው ገንዘብ የመጣው ግን ከአሜሪካው ትዌንቲዝ ሴንቸሪ ፎክስና ከግብጻዊው የመሐመድ አል ፋይድ ቤተሰብ ነው። ጎልድክረስት የተባለው የእንግሊዝ ድርጅት በጅምሩ ለስክሪፕቱ ጥቂት አዋጥቷል፤ ከዚያ ያለፈውን ለመስጠት የደፈረ የእንግሊዝ ባለሀብት አልተገኘም። ታሪኩ እንግሊዛዊ፣ ዳይሬክተሩ እንግሊዛዊ፣ ዋናዎቹን ሯጮች ሆነው የተጫወቱት እንግሊዛውያን ነበሩ፤ ፊልሙ የማን ነው ሲባል መልሱ ሌላ ነው። እኔ በበኩሌ የመጽሐፉን መከራከሪያ ለማስረዳት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም።

አሁን ወደ ቅሬታዬ ልምጣ። ይህ መጽሐፍ የሕይወት ታሪክ አይደለም፤ ፑትናምም እንደ ታሪክ ጸሐፊ ከራሳቸው ርቀው መቆምን መርጠዋል። ውሳኔያቸውን አከብራለሁ፤ ነገር ግን በ1986 ገብተው በ1987 የለቀቁትን የኮሎምቢያን ወንበር ከውስጥ ሆነው ቢያሳዩን፣ መጽሐፉ ምንኛ በጠነከረ ነበር! ስቱዲዮው በዚያን ጊዜ የኮካ ኮላ ንብረት ነበር፤ እሳቸውም የታላላቅ ተዋንያንን ክፍያና የወኪሎቻቸውን ጉልበት በአደባባይ ነቅፈው ብዙ ጠላት አፍርተዋል። ማከፋፈያውን የያዘው ወገን ከውስጥ ሲታይ ምን እንደሚመስል ከእሳቸው በላይ ሊነግረን የሚችል እንግሊዛዊ አልነበረም። የዚያን ወሬ ፍለጋ መጽሐፉን የሚገዛ ሰው እንደተራበ ይዘጋዋል።

ሌላው፣ በ1993 መጨረሻ በዓለም ንግድ ድርድር ላይ ፈረንሳዮችና አሜሪካኖች ስለ ፊልምና ስለ ቴሌቪዥን የተፋለሙበትን ጉዳይ የሚመለከት ነው። የሆሊዉዱ ቃል አቀባይ ጃክ ቫለንቲ በአንድ ወገን፣ የአውሮፓው ተደራዳሪ ሊዮን ብሪታን በሌላው ወገን ቆመው ነገሩ ሳይስማሙበት ከውሉ ውጭ ቀረ። ፑትናም ይህን ክርክር የሚያዩት ለአንዱ ወገን ብቻ ሳያደሉ ነው፤ ለአሜሪካኖች ብርታት፣ በተለይም ተመልካቹን ለማክበራቸው፣ ያላቸው አድናቆት አይደበቅም። አውሮፓውያን ፊልም ሠሪዎች ተመልካቹን ንቀው ራሳቸውን ጎድተዋል የሚለውን ነቀፋቸውን እቀበላለሁ። ይሁን እንጂ በእኔ አስተያየት፣ ከላይ እንደነገርኋቸው አሮጊት ያለ ተመልካች ፊልሙን ፈልጎ መጥቶ በሩ ሲዘጋበት፣ ጥፋቱን ወደ ፊልም ሠሪው መመለስ ሚዛኑን ያዛባል።

መጽሐፉ ከወጣ በኋላ የሆነው ነገር ለመከራከሪያው ምስክር ሆኖለታል። ፑትናም ሲጽፉ፣ ማዕከሉን ለንደን ያደረገና በራሱ አከፋፋዮች ፊልም የሚያወጣ ፖሊግራም የተባለ ድርጅት ነበረ፤ በ1994 የወጣውና በመላው ዓለም የታየው «ፎር ዌዲንግስ ኤንድ ኤ ፊውነራል» የእርሱ ነው። በ1998 የሆላንዱ ፊሊፕስ ፖሊግራምን የሆሊዉዱ ዩኒቨርሳል ባለቤት ለነበረው ለካናዳው ሲግራም ሸጠው፤ የፊልም ክፍሉም በዩኒቨርሳል ውስጥ ሟሟ። በ2000 የተቋቋመው የእንግሊዝ ፊልም ካውንስል፣ የፑትናም የቆየ ባልደረባ ዳይሬክተር አለን ፓርከር ሊቀ መንበር ሆነውለት፣ ትኩረቱን ወደ ማከፋፈል ለማዞር ሞክሮ ነበር፤ በ2010 መንግሥት እንዲዘጋ ወሰነ። ስምንቱ የሃሪ ፖተር ፊልሞች በእንግሊዛዊት ደራሲ መጻሕፍት፣ በእንግሊዛዊ ፕሮዲዩሰርና በእንግሊዛውያን ተዋንያን በሌቭዝደን ስቱዲዮ ተሠሩ፤ ባለቤታቸው የአሜሪካው ዋርነር ብራዘርስ ነው፤ ኋላም ስቱዲዮውን ራሱን ገዛው። በ2019 ዲዝኒ ፓይንዉድን፣ ኔትፍሊክስ ሼፐርተንን ለረጅም ጊዜ ተከራዩ።

በእነዚህ ስቱዲዮዎች ውስጥ የሚሠራው አናጢ፣ መብራት ሠራተኛና ልብስ ሰፊ ደመወዙን እያገኘ ነው፤ ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ ማንም ሊያንቋሽሸው አይገባም። የፊልሙ መብት የማን እንደሆነ የሚለው የፑትናም ጥያቄ ግን እንደተጠየቀ ነው። መንግሥት በ2024 እስከ 15 ሚሊዮን ፓውንድ ወጪ ላላቸው የአገር ውስጥ ፊልሞች 53 በመቶ የሚደርስ የታክስ ድጋፍ መፍቀዱ ለትንንሾቹ እፎይታ ነው፤ ሆኖም ይህም ለመሥራት እንጂ ለማድረስ የተሰጠ አይደለም። ሰኞ ጠዋት የሰዓት ዝርዝሩን የሚሰካው ሰው እጅ አልተቀየረም።

መጽሐፉን ለማን እመክራለሁ? ፊልም ለሚሠራ፣ በተለይም ገንዘብ ለሚያሰባስብ ሰው ከሁሉ በፊት። አዲስ አበባ ላሉ ባለሙያዎችም ጉዳዩ ሩቅ አይደለም፤ ዳይሬክተር ቴዎድሮስ ተሾመ ፊልም ከመሥራት አልፎ ሴባስቶፖል ሲኒማን መክፈቱን ያየ ሰው፣ ራንክ ለምን አዳራሽ እንደገዙ ማስረዳት አያስፈልገውም። ስለ ተዋንያን ሕይወት ወይም ስለ ቀረጻ ጥበብ ማንበብ ለሚፈልግ ግን አይሆንም፤ ስለ ድርድር፣ ስለ ቀረጥና ስለ ውል የሚያወሩ ገጾች ብዙ ናቸው። እንግሊዝኛው ቀናና ጥርት ያለ ነው፤ የሕግና የገንዘብ ቃላት የሚከብዱት በመካከለኛዎቹ ምዕራፎች ብቻ ነው። ጊዜ የሚያጥረው ሰው የመጀመሪያዎቹን፣ እስከ አንደኛው የዓለም ጦርነት ያሉትን ምዕራፎችና የራንክን ታሪክ ቢያነብ ዋናውን አገኘ።

ለሚገዛ ሰው አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። መጽሐፉ በ1998 አሜሪካ ሲታተም ስሙ ተቀይሮ «ሙቪስ ኤንድ መኒ» ተብሏል። ሁለቱን ስሞች ጎን ለጎን አይቶ ሁለት የተለያዩ መጻሕፍት ናቸው ብሎ ማሰብ ቀላል ነው፤ እኔም ሁለተኛውን ለማዘዝ ስዘጋጅ ነው የገባኝ። ያገለገለ ቅጂ ከሁለቱ በአንዱ ስም በርካሽ ይገኛልና የቀናውን ወስዶ ማንበብ ይበቃል።